እንቁራሪቷን ማን ብለን እንጥራት?

(የሥነ ሕይወት መምህራንና ተማሪዎች በተገኙበት አንድ ምሽት ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። የተናገርኩትን እንዳለ አስቀምጫለሁ፤ ያነሳሁት ጥቂት ድግግሞሾችን ብቻ ነው።)

ክቡራን መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ከሩቅ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንደምን አመሻችሁ? ዝናቡ ሳይበግራችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ኋላ የቆማችሁት፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ። ኑ፣ ቅረቡ። ዛሬ የማሳያችሁ ነገር ትንሽ ስለሆነ ከሩቅ አይታይም።

ስለ እንቁራሪት ልነግራችሁ ነው። አውቃለሁ፣ አንዳንዶቻችሁ «ስለ እንቁራሪት ደግሞ ምን ይወራል?» ብላችሁ ይሆናል። እኔም አንድ ጊዜ እንደዚያ አስብ ነበር። ክረምት ሲገባ ከወንዝ ዳር ማታ ማታ የሚንጫጫ ነገር፣ በቃ። ዛሬ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ያላባራ ፍቅር ይዤ ነው ፊታችሁ የቆምኩት።

የማወራላችሁ እንቁራሪት እዚህ አገር የለችም። ከሜክሲኮ እስከ አርጀንቲና በተዘረጋው ሞቃታማ ምድር ስለሚኖሩት የቅጠል እንቁራሪቶች ነው የማወራው። በተለይ ከእነሱ መካከል አጋሊክኒስ ስለሚባለው ወገን። ሳይንሱ ጂነስ ይለዋል፤ እኔ ዛሬ ወገን እለዋለሁ። ከወገን በታች ዝርያ አለ። ከወገን በላይ ቤተሰብ አለ። ይህን ያህል ከያዛችሁ ይበቃል። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛ፣ እነዚህ እንቁራሪቶች እነማን እንደሆኑ። ሁለተኛ፣ ስማቸውና ዘራቸው እንዴት እንደሚቆጠር። ሦስተኛ፣ ስሙ በእንቁራሪቷ ሕይወት ላይ ምን እንደሚያደርግ። ለእኔ ትልቁ ሦስተኛው ነው። ግን ያለ ሁለቱ አይገባም።

እንግዲህ አንደኛው። እነማን ናቸው?

መጀመሪያ ያየኋት ለትምህርት እንግሊዝ አገር በነበርኩበት ጊዜ ነው። ማንችስተር ሙዚየም ውስጥ በሕይወት ያሉ እንቁራሪቶች የሚጠበቁበት ክፍል አለ። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ውጭው አጥንት የሚሰብር ብርድ ነው። ከመስታወቱ ወዲያ ግን ሙቀትና እርጥበት ነው፤ ጠብታው በመስታወቱ ላይ ይወርዳል። ብመለከት፣ ብመለከት ምንም የለም። ቅጠል ብቻ። አጠገቤ የቆመች አንዲት ትንሽ ልጅ በጣቷ ጠቆመችኝ። አዎ፣ ቅጠሉ ላይ ሌላ አረንጓዴ ነገር ተለጥፏል። እግሮቿን ሰብስባ፣ ሆዷን ቅጠሉ ላይ አጣብቃ ተኝታለች። ከአውራ ጣቴ ብዙም አትበልጥም።

ጠጋ አልኩ። ዓይኗ የተዘጋ መሰለኝ። ዓይኗን የሸፈነው ግን ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ሽፋን ነው። በላዩ ላይ የወርቅ ክር የመሰለ መረብ ተስሏል። የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ላይ ያለውን ጥልፍ አስቡት። አሳንሱት። አሁንም አሳንሱት። እንደዚያ ነው። ተኝታም ቢሆን ጠላት ቢመጣ ብርሃንና ጥላው በዚያ መረብ በኩል ይደርሳታል።

ድንገት ሽፋኑ ወረደ። ቀይ! ደም የመሰለ ቀይ ዓይን፣ መሃሉ ላይ እንደ ድመት ዓይን ቀጥ ብሎ የቆመ ጥቁር ስንጥቅ። ከቅጠሉ ስትነሳ ተደብቆ የነበረው ጎኗ ተገለጠ፤ ሰማያዊና ቢጫ መስመር። ጣቶቿ ብርቱካናማ። ያቺ ቅጠል የነበረች ፍጡር በአንድ አፍታ የበዓል ልብስ ለበሰች። እኔ እዚያው ቀረሁ። ጓደኞቼ ምሳ ይጠብቁኝ ነበር፤ ረሳኋቸው።

ከመስታወቱ በታች ያለው ጽሑፍ «አጋሊክኒስ ካሊድሪያስ» ይላል። ቀይ ዓይኗ የቅጠል እንቁራሪት ማለት እሷ ናት። ፎቶዋን ሁላችሁም አይታችኋል፤ የኮምፒውተር ስክሪን ላይ፣ የቸኮሌት ማሸጊያ ላይ፣ የደን ጥበቃ ፖስተር ላይ።

አሁን የዘመዶቿን ጠባይ እዩልኝ። አብዛኛው እንቁራሪት ይዘላል አይደል? እነዚህ ግን ይራመዳሉ። እጅ በእጅ፣ ቅርንጫፉን በጣታቸው ጨብጠው፣ ቀስ ብለው፣ እንደ ዝንጀሮ ይወጣሉ። የመጀመሪያ ጣታቸው ከሌሎቹ ጋር ተገጣጥሞ መጨበጥ ይችላል። የዓይናቸው ብሌን ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። እንቁላላቸውን ደግሞ ውኃ ውስጥ አይጥሉም። ከውኃው በላይ ባንጠለጠለ ቅጠል ላይ ይጥላሉ። እጩ ሲፈለፈል ከቅጠሉ ጠብ ብሎ ውኃው ውስጥ ይወድቃል። ፊሎሜዱሳ የሚባሉት ዘመዶቻቸው ደግሞ ቅጠሉን ራሱን አጥፈው እንቁላሉን እንደ ጥቅል ይጠቀልሉበታል። ከእንቁላሉ ጋር ፅንስ የሌለባቸው፣ ውኃ ብቻ የያዙ ከረጢቶችም ይጨምራሉ፤ ጥቅሉ እንዳይደርቅ ነው።

እዚህ ላይ ከመስመሬ ልውጣ፣ ፍቀዱልኝ። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

ካረን ዋርከንቲን የምትባል ተመራማሪ አለች። የቀይ ዓይኗን እንቁራሪት እንቁላል ስታጠና እባቦች ቅጠሉ ላይ እየመጡ እንቁላሉን ሲበሉ አየች። እባቡ መንከስ ሲጀምር የቀሩት እንቁላሎች ምን ሆኑ መሰላችሁ? ተፈለፈሉ! ቀናቸው ሳይደርስ፣ አንድ በአንድ፣ ከእባቡ አፍ ሥር እያመለጡ ወደ ውኃው ተወረወሩ። ይህን በ1995 አሳተመች። ሳይነኩ ቢቀሩ በስድስት ወይም በሰባት ቀን የሚፈለፈሉት፣ አደጋ ሲመጣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን መውጣት ይችላሉ።

ደግሞ ጥያቄው አላለቀም። ቅጠሉን እባብ ብቻ አይደለም የሚያንቀጠቅጠው። ዝናብም አለ። የሐሩሩ ዝናብ ደግሞ እንዴት ያለ ዝናብ ነው! በዝናቡ ሁሉ ቢፈለፈሉ ሳይጠነክሩ ውኃው ውስጥ ገብተው ለዓሣ ቀለብ ይሆናሉ። ታዲያ እባቡን ከዝናቡ እንዴት ይለያሉ? ተመራማሪዋ የእባቡንና የዝናቡን ንዝረት ቀድታ ለእንቁላሎቹ መልሳ አሰማቻቸው። ለይተው ያውቃሉ። የንዝረቱን ርዝመት፣ በመሃል ያለውን ዝምታ ያነባሉ። ገና ዓለምን ያላየ ፅንስ፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ነገር፣ የሞትን ድምፅ ከዝናብ ድምፅ ለይቶ ያውቃል። ይህን ባነበብኩ ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እሺ፣ ወደ መስመራችን። ሁለተኛው ነጥብ፣ ስምና ዘር።

እናንተ ወጣቶች «ምደባ» የሚለውን ቃል ስትሰሙ ለፈተና የሚሸመደድ ነገር ይመስላችኋል። እኔም ተማሪ ሳለሁ ሸምድጄ፣ ፈተና ላይ አራግፌ ወጥቻለሁ። ምደባ ምን እንደሆነ የገባኝ ክፍል ውስጥ አልነበረም። የአጎቴ ልጅ ሊያገባ ሲል ነው የገባኝ።

ልጅቷንና እሱን ሰው ሁሉ ይወዳቸው ነበር። መልካቸው አይገናኝም። እሱ ረጅም፣ ጠይም፤ እሷ አጠር ያለች፣ ቀይ። አገራቸውም የሁለት ቀን የእግር መንገድ የተራራቀ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን «ዘር ይቆጠር» አሉ። እንደምታውቁት እስከ ሰባት ቤት ነው የሚቆጠረው። አያቴ ከአንድ ወገን፣ የልጅቷ አያት ከሌላው ወገን ተቀመጡና መቁጠር ጀመሩ። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ቅም አያት... ምንጅላት ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ዝም አሉ። አንድ ስም ነበር የጠሩት። ሰርጉ ቀረ።

እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ አዘንኩ። አንድ ነገር ግን ልቤ ውስጥ ቀረ። በዚያው መንደር እኔን ቁርጥ የሚመስል ልጅ ነበር፤ ሰው ወንድሜ ነው ይል ነበር። ቢቆጠር ቢቆጠር ከእኔ ጋር አይገናኝም። መልካቸው የማይገናኘው ሁለቱ ግን የአንድ ሰው ልጆች ሆነው ተገኙ። መልክ ሊያሳስት ይችላል። ቆጠራው ነው የሚናገረው።

የእንቁራሪት ምደባም ይኸው ነው። ዘር መቁጠር ነው። አንድ ወገን ተብሎ የተጠራው ሁሉ የአንድ ምንጅላት ልጆች መሆን አለበት። ከውጭ የገባ ባዕድ ካለ ይወጣል። ውጭ የቀረ ልጅ ካለ ይገባል። ሕጉ ይህ ብቻ ነው።

አሁን የአጋሊክኒስን ቤት እንቁጠር።

የቅጠል እንቁራሪቶችን ለብቻ ለይቶ የመጀመሪያውን የወገን ስም ያወጣው ጀርመናዊው ዮሃን ጌኦርግ ዋግለር ነው። በ1830 ፊሎሜዱሳ አለ። «ፊሎ» በግሪክኛ ቅጠል ነው፤ «ሜዱሳ» ደግሞ ጠባቂ፣ ገዢ ማለት ነው። የቅጠል ጠባቂ። ምን ያለ ስም ነው! ዋግለር ከሁለት ዓመት በኋላ በገዛ ጠመንጃው አደጋ ሞተ። ገና 32 ዓመቱ ነበር። ያወጣው ስም ግን ዛሬም አለ።

ከዚያ አሜሪካዊው ኤድዋርድ ድሪንከር ኮፕ መጣ። ቀይ ዓይኗን በ1862 ሲገልጻት ሂላ የሚባለው ወገን ውስጥ ነበር የጨመራት። ሂላ ያኔ የዛፍ እንቁራሪት ሁሉ የሚታጨቅበት ትልቅ ከረጢት ነበር። ሁለት ዓመት አልቆየም፤ በ1864 ኮፕ ራሱ አጋሊክኒስ የሚል አዲስ ወገን አቋቋመ። ተሳስቻለሁ ብሎ በራሱ እጅ ማረሙን እወድለታለሁ።

ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ከዚያም በላይ ሰዎች በመልክ ሲመድቡ ኖሩ። በእግሩ ጣቶች መካከል ያለው ቆዳ ስንት ድረስ ይደርሳል? ዓይኑ ምን ቀለም ነው? አጥንቱ እንዴት ነው? በካንዛስ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዊልያም ዱልማን እነዚህን ነገሮች እጅግ በጥንቃቄ ለካ፣ ሣለ፣ ጻፈ። በዓይን የሚደረገውን ሁሉ አድርገዋል። በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ አጋሊክኒስ ውስጥ 8 ዝርያዎች ይቆጠሩ ነበር።

ከዚያ የዘረመል ዘመን መጣ። ከእንቁራሪቷ ጥቂት ሥጋ ይወሰዳል፤ ውስጡ ያለው የዘር ፊደል ይነበባል፤ ከሌላው ጋር ይነጻጸራል። የሽማግሌዎቹ ቆጠራ በላቦራቶሪ ገባ ማለት ነው። በ2005 አርጀንቲናዊው ጁሊያን ፋይቮቪችና ባልደረቦቹ የዛፍ እንቁራሪቶችን ዘር አንድ ላይ ቆጠሩ። ምን ተገኘ? ከ8ቱ ሁለቱ የአጋሊክኒስ ልጆች አልነበሩም። ቅጠል መስለው፣ ዛፍ ጫፍ ላይ አብረው ኖረው፣ ስም ተጋርተው ኖረዋል፤ ዘራቸው ግን ሌላ ነው። ወጡ። ለብራዚላዊው የእንቁራሪት ሊቅ ለክሩዝ ክብር ክሩዚዮሂላ የሚል አዲስ ቤት ተሠራላቸው። 6 ቀሩ። በ2008 ደግሞ ከ6ቱ አንዷ በሌላ ስም የተጠራች ያችው አንድ ዝርያ ሆና ተገኘች። 5 ቀሩ። ይህን 5 ያዙልኝ። በኋላ እመለስበታለሁ።

በ2010 ደግሞ በሩ ወደ ውስጥ ተከፈተ። የሜክሲኮዋ የቅጠል እንቁራሪት ፓኪሜዱሳ ተብላ ለብቻዋ አንድ ቤት ይዛ ትኖር ነበር። ሲቆጠር የአጋሊክኒስ ልጅ ናት። ገባች። ሌሙር የምትባለው ትንሿ የቅጠል እንቁራሪት ደግሞ በ1882 ፊሎሜዱሳ ተባለች፤ በ2005 ወደ ሂሎማንቲስ ሄደች፤ በ2010 አጋሊክኒስ ሆነች። ሦስት ቤት! እሷ ግን ከኮስታ ሪካና ከፓናማ ደን ፈቀቅ አላለችም። ያችው ቅጠል ላይ ናት።

በ2016 ዱልማን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ፊሎሜዱሳን ራሱን ከፈለው። አንዱን ክፍል ካሊሜዱሳ አሉት። ሌላኛውን ፒቴኮፐስ አሉት፤ የዝንጀሮ እግር ማለት ነው። ይህን ስም ያወጣው ማን ይመስላችኋል? ያው ኮፕ ነው፣ በ1866። 150 ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ የኖረ ስም ተነሣ። ዛሬ የቅጠል እንቁራሪቶቹ 8 ወገን ናቸው። አንዳንዱ ሊቅ ሁሉንም አንድ ላይ ቤተሰብ ይላቸዋል፤ ሌላው ንዑስ ቤተሰብ ይላቸዋል። በዚህ ብዙ አልጨነቅም። አንዱ ሰፈር፣ ሌላው ቀበሌ እንደሚለው ነው፤ ነዋሪው ያው ነው። የቅርብ ዘመዶቻቸው የት እንዳሉ ግን ልንገራችሁ፤ አውስትራሊያና ኒው ጊኒ። ውቅያኖስ የለያቸው ዘመዳሞች።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ስም መቀያየር ለምን ይጠቅማል?» ትሉኝ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኔም ጠይቄዋለሁ። መልሱን የነገረኝ ከፋ ውስጥ ያየሁት አንድ የታጠፈ ቅጠል ነው።

ቦንጋ አካባቢ ነበርን። ሌሊት ነው፣ ከዝናብ በኋላ። መሬቱ ጫማ ይይዛል። ረግረጉ ዳር ከውኃው በላይ የተንጠለጠለ ሣር አለ። ባትሪ ስናበራበት አንዱ ቅጠል እንደ ደብዳቤ ታጥፏል። ጠርዝና ጠርዙ ተጣብቋል። በጣቴ ጥፍር ቀስ ብዬ ጥቂት ከፈትኩት፤ እንደ ሙጫ ያለ ነገር ተለጠጠ። ውስጡ ጥርት ባለ ዝልግልግ ነገር ውስጥ የተደረደሩ ትናንሽ እንቁላሎች። ትንፋሼን ያዝኩ። መልሼ ከደንኩት።

የማንችስተሯ ትዝ አለችኝ። ቅጠል የሚያጥፉት የደቡብ አሜሪካዎቹ ትዝ አሉኝ። «የእኛም አገር የቅጠል እንቁራሪት አላት!» አልኩ። በደስታ ጮህኩ። አብሮኝ የነበረው መምህሬ ግን «ልጄ፣ ቁጠር» አለኝ። ይኸው ብቻ። ቁጠር።

ቆጠርኩ። የእኛዎቹ አፍሪክሳሉስ የሚባል ወገን ናቸው። የአፍሪካ የሸምበቆ እንቁራሪቶች ቤተሰብ። ከአጋሊክኒስና ከፊሎሜዱሳ ጋር የሚገናኙት እጅግ ሩቅ በሆነ ምንጅላት ነው። ቅጠል ማጠፉን ከአንድ አባት አልወረሱትም። እነዚያም ለብቻቸው፣ እነዚህም ለብቻቸው፣ ሁለቴ የተፈጠረ ጥበብ ነው። ዘር ባንቆጥር ኖሮ ይህን በምን እናውቀው ነበር? አንድ ጥበብ፣ አንድ ውርስ ብለን እናልፈው ነበር። እኔን የሚመስለው የመንደራችን ልጅ ትዝ ይላችኋል?

ከአፍሪክሳሉስ መካከል በዓለም ላይ እኛ አገር ብቻ የሚገኙ ሁለት ዝርያዎች አሉ። በ1974 ማልኮልም ላርጀን ነው የገለጻቸው። አንዷ ስሟ እንሰቲኮላ ነው። ሰማችሁት? እንሰቲኮላ። በእንሰት የምትኖር። እንሰታችን በላቲን ስም ውስጥ ተጽፎ በዓለም ሙዚየም ሁሉ ተቀምጧል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጓሯችሁ እንሰት ያላችሁ እጃችሁን አውጡ እስቲ። (ብዙ እጅ ወጣ።) ይኸው! ከእናንተ መካከል ይህችን ስም ከዛሬ በፊት የሰማ አለ? (ሁለት እጅ።) ይህ ነው የሚያሳስበኝ።

ዘር መቆጠሩ ሌላም ጥቅም አለው። ፊሎሜዱሳ ሶቫጂ የምትባል አለች፤ በአርጀንቲናና በፓራጓይ ደረቅ ምድር የምትኖር። ከቆዳዋ ሰም የመሰለ ቅባት ታወጣና በእጅና በእግሯ ገላዋን ሁሉ ትቀባለች። ከራስ ቅሏ ጀምራ፣ ጀርባዋን፣ ጎኗን፣ ልክ ሰው ቅቤ እንደሚቀባ። ፀሐይ እንዳያደርቃት ነው። ከዚህችው እንቁራሪት ቆዳ በ1981 ዴርሞርፊን የሚባል፣ ከሞርፊን በብዙ እጥፍ የሚበረታ የሕመም ማስታገሻ ንጥረ ነገር ተገኘ። ቀጥሎ ባክቴሪያ የሚገድሉ ሌሎች ተገኙ። ከዚያ በኋላ ሊቃውንቱ የት ሄደው ፈለጉ? ዘመዶቿ ጋ። አገኙም። ዘር የቆጠረ ሰው የት እንደሚፈልግ ያውቃል።

ደግሞ ስለራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዛሬም ያመኛል። ተማሪ ሳለሁ ከመስክ ያመጣሁትን እንቁራሪት አልኮል ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ሳስቀምጥ መለያ ወረቀቱን በእስክርቢቶ ጻፍኩ። የተያዘበት ቦታ፣ ቀን፣ ከፍታ፣ ሁሉንም። ከስድስት ወር በኋላ ብልቃጡን አነሳሁ። ወረቀቱ ነጭ ነው። አልኮሉ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ሆኗል። ቀለሙ ሟሟ! እንቁራሪቷ እዚያ አለች፤ እጇን አጣጥፋ፣ ዓይኗ ነጥቶ። የት እንደነበረች ግን ማንም አያውቅም። ያችን ነፍስ ለምንም ገደልኳት። ተማሪዎች፣ እባካችሁ፣ በእርሳስ ጻፉ። እርሳስ አልኮል አይነካውም። ደግሜ እላለሁ፣ በእርሳስ!

ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ ይቅርታ። ወደ ሦስተኛው ልግባ። ስሙ በእንቁራሪቷ ሕይወት ላይ ምን ያደርጋል?

ያን 5 ይዛችሁልኛል? በመጋቢት 2010 የዓለም አገሮች ኳታር፣ ዶሃ ላይ ተሰበሰቡ። ሳይተስ የሚባለው፣ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው ስምምነት ጉባኤ ነው። ቀይ ዓይኗ እንቁራሪትና እህቶቿ በገፍ ይነገዱ ነበር፤ ሰው ቤቱ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ሊያስቀምጣቸው ይገዛቸዋል። ሜክሲኮና ሆንዱራስ «አጋሊክኒስ በቁጥጥር ይግባ» ብለው ጠየቁ። ጉባኤው ተቀበለ። ድንበር ላይ ያለ ፈቃድ አያልፉም ማለት ነው። ደስ የሚል ውሳኔ ነበር።

ስንት ዝርያ ተመዘገበ? 5። በዚያን ጊዜ በወገኑ ስም የሚጠሩት 5ቱ።

ሌሙሯስ? ሌሙሯ ያኔ በብዙ መዝገብ ላይ ሂሎማንቲስ ነበረች። አጋሊክኒስ የተባለችው በዚያው በ2010 ነው። በደም ልጅ ናት፤ በወረቀት አልነበረችም። ሕግ ደግሞ የሚያነበው ወረቀት ነው። ስለዚህ ከእህቶቿ ሁሉ ይልቅ የተጎዳችው እሷ፣ ከሕጉ ውጭ ቀረች።

እንዴት ያለች እንቁራሪት መሰለቻችሁ! ቀጭን፣ ቀላል። ቀን ቅጠል ሥር ተለጥፋ ስትተኛ አረንጓዴ ናት፤ ሌሊት ስትነቃ ወደ ቡናማ ትለወጣለች። ድሮ በኮስታ ሪካ ተራሮች በብዛት ትታይ ነበር። ከዚያ ካይትሪድ የሚባለው፣ የእንቁራሪትን ቆዳ የሚያጠቃ ፈንገስ መጣ። ሳይንስ ይህን ፈንገስ ለይቶ ስም የሰጠው በ1999 ነው፤ እስከዚያ ድረስ እንቁራሪቶቹ በየተራራው ዝም እያሉ ነበር። እንቁራሪት በቆዳዋ ነው ውኃ የምትጠጣው፣ በቆዳዋም ትተነፍሳለች። ቆዳዋ ሲታመም ምን ይቀራታል? ሌሙሯ በኮስታ ሪካ ከአብዛኛው ቦታዋ ጠፋች። ዛሬ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ ናት።

ለዚች እንቁራሪት ስሟና ሕጉ የተገናኙት መቼ ነው? በኅዳር 2022፣ ፓናማ ላይ። 12 ዓመት! የዚያ ዓመት ጉባኤ ሌሙሯን በቁጥጥሩ ዝርዝር አስገባ። ከዱር ተይዛ ለንግድ የምትላከው ቁጥርም ዜሮ እንዲሆን ተወሰነ። ዜሮ። ውሳኔው የተነገረበት አገር ደግሞ የራሷ አገር ነው። እኔ ያንን ዜና ያነበብኩት ቤቴ፣ ጠዋት፣ ቡና እየተፈላ ነው። ባለቤቴን «ገባች!» አልኳት። «ማን?» አለችኝ። «ሌሙሯ!»

እናንተ መምህራን፣ ለተማሪዎቻችሁ ምደባን ስታስተምሩ ይህቺን ታሪክ ንገሯቸው። ወገን፣ ዝርያ፣ ቤተሰብ እያሉ ከሚያሸመድዱ ይህቺን ትንሽ እንቁራሪት ይወቋት።

እናንተ ወጣቶች ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በ2018 ክሩዚዮሂላ ውስጥ አዲስ ዝርያ ተገኘ። የት ተደብቆ ነበር? የትም። ሰዎች ለረጅም ዘመን አይተውታል፤ ይዘውታል፤ ሥዕሉን አሳትመዋል። በ1902 ከኢኳዶር ከተገለጸችው እህቱ ጋር አንድ ናት ብለው ነበር። አንድ ሰው፣ የማንችስተር ሙዚየሙ አንድሩ ግሬይ፣ ቀርቦ አየ፣ ለካ፣ ዘሩን አስቆጠረ። ሁለት ሆኑ። አዲሷን በልጅ ልጁ ስም ጠራት። ይህ በሌላው ዓለም፣ ስንት ሰው በተመላለሰበት ደን ነው። እኛ ከፋ ውስጥ፣ ባሌ ሐረና ውስጥ፣ ስንት ሌሊት ባትሪ ይዘን ቆመናል? ስንቱን ረግረግ አድምጠናል?

እንግዲህ ሳልጨርስ ያመጣሁትን ላሳያችሁ። መብራቱን አጥፉልኝ። ፊት ያላችሁ ዝቅ በሉ፣ ኋላ ያሉት እንዲያዩ። ይህ ከቦንጋ ያ የታጠፈ ቅጠል ነው፣ ፎቶውን ያነሳሁት በዚያው ሌሊት ነው። በስተቀኝ ያለችው ጥላ ይታያችኋል? ከሣሩ ጀርባ? እሷ ናት። ከቅጠሉ አልራቀችም። አሁን ድምፁን እከፍታለሁ፣ ዝም ብላችሁ ስሙ። መጀመሪያ የምትሰሙት ዝናቡ ነው፤ ከዝናቡ በኋላ ጥቂት ጠብቁ።